ጉንደትና ጉራዕ፦ የከዲቭ እስማኤል ዘመቻ ለምን ከሸፈ?

በ1868 ዓ.ም. አራት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት የግብፅ ጦር ከምጽዋ ተነስቶ ወደ ደጋው ወጣ። የመጀመሪያው ኅዳር 7 ቀን ጉንደት ላይ ከነአዛዡ አለቀ። ከእርሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ሁለተኛው ደግሞ ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 1 ቀን ጉራዕ ላይ በተደረገው ውጊያ ተሰብሮ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ይህ ሠራዊት ሬሚንግተን ጠመንጃና የክሩፕ መድፍ የታጠቀ ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ያለፉ መኮንኖች ያማክሩታል፣ የኋላ ደጀኑም ቀይ ባሕርን የሚያቋርጡ መርከቦች ነበሩት። ተጋጣሚው ዐፄ ዮሐንስ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ከጫኑ ገና አራት ዓመት ገደማ ነበራቸው።

ዓድዋ ከሃያ ዓመት በኋላ መጥቶ እነዚህን ጦርነቶች ስለጋረዳቸው በሕዝብ ዘንድ ብዙ አይወሱም። በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ግን ክርክሩ አልበረደም። ዘመቻው ለምን ከሸፈ ለሚለው ጥያቄ እስካሁን አራት ዓይነት መልስ ተሰጥቷል፦ መልክዐ ምድሩና ስንቁ፣ የአዛዦቹ ጠብ፣ የኢትዮጵያ ጦር ብዛትና ትጥቅ፣ በመጨረሻም የዐፄ ዮሐንስ ፖለቲካዊ አመራር። አራቱም ማስረጃ አላቸው። ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተጻፈለት ምክንያት ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ሆኖ አላገኘሁትም።

ከካይሮ የታየው ካርታ

የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሱዳንን ከያዘ ወዲህ ግብፅ ወደ ደቡብ ስትሰፋ ቆይታለች። የልጅ ልጁ እስማኤል እ.ኤ.አ. በ1863 ሥልጣን ሲይዝ መስፋፋቱ ፍጥነትም ስፋትም ጨመረ። ምጽዋን ከኦቶማን መንግሥት ተረከበ። ስዊዘርላንዳዊውን ቬርነር ሙንዚንገርን በዚያ ሾመ፤ ሙንዚንገርም እ.ኤ.አ. በ1872 ከረንን ያዘ። ዐፄ ዮሐንስ ለዚህ የመለሱት በጦር አልነበረም። እንግሊዛዊውን አማካሪያቸውን ጆን ኪርካምን ደብዳቤ አስይዘው ወደ አውሮፓ ነገሥታት ላኩት። የአውሮፓ መንግሥታት ግን ግብፅን ከከረንና ከአካባቢዋ፣ ከቦጎስ፣ የሚያስወጣ አንዳች ነገር አላደረጉም።

እ.ኤ.አ. በ1875 ነገሩ ከድንበር ግጭት አለፈ። ዘይላ ከኦቶማን ወደ ግብፅ እጅ ገባች። ራውፍ ፓሻ በጥቅምት ሐረርን ያዘ። ማክኪሎፕ ፓሻ በመርከብ እስከ ጁባ ወንዝ አፍ ወረደ። ሙንዚንገር በታጁራ በኩል ወደ አውሳ ዘመተ፤ ዓላማውም የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ማግኘት ነበር። ዴንማርካዊው ኮሎኔል አረንድሩፕ ደግሞ ከምጽዋ ወደ ሐማሴን ወጣ። እነዚህን ዘመቻዎች በአንድ ካርታ ላይ አድርጎ የሚያይ ሰው የኢትዮጵያን ደጋ ከሰሜን፣ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ የሚከብ ቀለበት ይታየዋል።

ቀለበቱ አስቀድሞ የታቀደ ነበር ወይስ አጋጣሚ የገጣጠመው? እዚህ ላይ ጸሐፊዎች ይለያያሉ። አንዱ ወገን የከዲቩ ሐሳብ የናይልን ምንጮች በሙሉ የሚያቅፍ ግዛት መመሥረት ስለነበረ ኢትዮጵያን መጠቅለል ከጅምሩ የታሰበ ነው ይላል። ሌላው ወገን ለአዛዦቹ የተሰጠውን ትእዛዝ ይጠቅሳል። የአረንድሩፕ ተልእኮ ሐማሴንን መያዝና ድንበሩን መረብ ላይ ማድረግ ነበር። የሁለተኛው ጦር ተልእኮ ደግሞ የጉንደትን ውርደት በድል አጥቦ የግብፅን ክብር መመለስ እንጂ አገሪቱን መግዛት አልነበረም። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ግን በአንድ ማሻሻያ። ዓላማው ቋሚ አልነበረም፤ ባገኘው መጠን የሚሰፋ፣ ባጣው መጠን የሚጠብ ምኞት ነበር። በሙንዚንገር ጓዝ ውስጥ የነበረው የሸዋ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ድንበር ብቻ የሚፈልግ መንግሥት በአውሳ በረሃ በኩል ወደ ሸዋ መልእክት አይልክም።

ሁለቱ ዘመቻዎች

አረንድሩፕ ይዞት የወጣው ጦር ከሁለት ሺህ ተኩል እስከ ሦስት ሺህ ይገመታል። የምጽዋው ገዥ አራኪል በይ አብሮት ነበር። የዐፄ ዮሐንስ ሹማምንት ሳይዋጉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ ንጉሡም ጦራቸውን ዓድዋ ላይ ሰበሰቡ። ግብፆች ጎዶፈላሲን አልፈው ዓዲ ኳላ ደረሱ፣ ከዚያም የጦሩ ክፍል ወደ መረብ ሸለቆ፣ ወደ ጉንደት ወረደ። አንዱ ክፍል ከሌላው ተነጣጥሎ፣ ከኋላ ያለው ከፊተኛው ሳይደርስ፣ የኢትዮጵያ ጦር ከየአቅጣጫው ገጠመው። አረንድሩፕም አራኪልም እዚያው ወደቁ። ዓዲ ኳላ የቀረው የኋላ ጦር በአሜሪካዊው ሻለቃ ዴኒሰን መሪነት ወደ ምጽዋ ሸሸ። ከጉንደት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሙንዚንገር አውሳ ውስጥ በአፋሮች እጅ ተገድሎ ነበር።

እዚህ ላይ የማፈግፈጉ ነገር ያከራክራል። ንጉሡ አውቀው ጠላትን ወደ ሸለቆው ሳቡት ወይስ ጦራቸው ስላልተሰበሰበ ጊዜ ይገዙ ነበር? ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1812 በሩሲያ ላይ ስላደረገው ዘመቻም የሚነሳው ጥያቄ ይኸው ነው። ናፖሊዮን በሰኔ ወር የኒመንን ወንዝ ሲሻገር የሩሲያ ጦር ወደ ኋላ ያለው በአዛዡ በባርክላይ ዕቅድ ነው የሚሉ አሉ፤ ሁለቱ የሩሲያ ጦሮች ተለያይተው ስለነበር ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ነው የሚሉም አሉ። በዐፄ ዮሐንስ በኩል ያለው ማስረጃ ሁለቱንም ይደግፋል። ማፈግፈጉ በግድ ተጀምሮ በብልሃት ያለቀ ይመስላል።

የጉንደት ወሬ ካይሮ ሲደርስ ተደብቆ እንዲቆይ ተደረገ። ጊዜው ክፉ ነበር። ከዲቩ በአውሮፓ ዕዳ ተጨንቆ በዚያው በኅዳር ወር የስዊዝ ቦይ ድርሻውን ለእንግሊዝ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ። በአበዳሪዎች ፊት የተሸነፈ ሆኖ መታየት ለእርሱ ከጦር ሜዳው ሽንፈት የማይተናነስ አደጋ ነበር። ስለዚህ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ያለው ሁለተኛ ጦር በጥድፊያ ተሰናድቶ ምጽዋ ወረደ። አዛዡ ራቲብ ፓሻ፣ የኤታማዦሩ አለቃ አንድ እጁን በጦርነት ያጣው አሜሪካዊ ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ነበር። የከዲቩ ልጅ ሐሰንም አብሮ ዘመተ። ሠራዊቱ ጉራዕ ሜዳ ላይ በመሐንዲሱ ሳሙኤል ሎኬት መሪነት ምሽግ ሠራ፣ ሌላ ምሽግ ደግሞ በኋላው ቃያ ኮር ላይ አቆመ።

የካቲት 29 ቀን ራቲብ ከምሽግ መውጣት አልፈለገም። ሎሪንግ ግን አጥብቆ ወተወተ፣ ከአምስት ሺህ የሚበልጥ ጦርም ወደ ሜዳው ወጣ። የኢትዮጵያ ጦር በሸለቆዎቹ ዞሮ ከጎንና ከኋላ ገባበት። በቃያ ኮር የነበረው የዑስማን ሪፍቂ ጦር ሊረዳው አልወጣም። ሜዳ ላይ ከወጣው ሠራዊት እጅግ የሚበዛው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ተማረከ። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ግን የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን ለመያዝ ያደረገው ጥቃት በከባድ ጉዳት ተመለሰ። ይህ ሁለተኛ ገጽ በእኛ አገር ትረካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ያለ እርሱ ግን የሰላሙ ድርድር ለምን እንዲያ ውል አልባ ሆኖ እንደቀረ ሊገባን አይችልም።

ተራራውና ስንቁ

የመጀመሪያው ማብራሪያ አገሩን ተጠያቂ ያደርጋል። ከምጽዋ ሞቃት ዳርቻ ተነስቶ 2 ሺህ ሜትር አካባቢ ከፍታ ወዳለው ደጋ ለመድረስ በጠባብ ገደል ውስጥ መውጣት ግድ ነው። የቆላው ግመል ዳገቱን አይችለውም፣ በቂ በቅሎ ደግሞ አልነበረም። ምግቡም ጥይቱም ከግብፅ በመርከብ ነበር የሚመጣው። አሜሪካውያኑ መኮንኖች በማስታወሻቸው ስለ መጓጓዣ እጥረት ያላማረሩበት ገጽ ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ፤ ስንቅ የሠራዊቱን መጠንና ፍጥነት ይወስናል እንጂ ሽንፈቱን ብቻውን አያስረዳም። ከስምንት ዓመት በፊት የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ከዚያው ዳርቻ ተነስቶ እስከ መቅደላ ደርሶ ተመልሷል። በርግጥ ያ ጦር ለመጓጓዣ ያወጣው ገንዘብ ለእስማኤል የሚታሰብ አልነበረም፣ በመንገዱ ላይም የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ የያኔው ደጃዝማች ካሳ፣ ወዳጅ ሆነው አሳልፈውታል። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ነው ዋናው። ተራራው ለናፒየርም ለራቲብም አንድ ነበር፤ የተለየው በተራራው ላይ ያለው ሰው ነው።

የሩሲያን በረዶ የሚያነሱ ሰዎችም ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል። የናፖሊዮን ዋና ጦር ሞስኮ ከመድረሱ በፊት፣ በበጋው ሙቀት፣ ከግማሽ በላይ ሰዉን በረሃብ፣ በበሽታ፣ በመክዳትና በውጊያ አጥቶ ነበር። ብርዱ የጀመረውን ጨረሰው እንጂ እርሱ አልጀመረውም። ለተሸናፊ ግን ተፈጥሮን መውቀስ ቀላል ነው። የግብፅ ዘመቻዎች በበጋ ወራት ስለተካሄዱ ዝናብ እንኳ ለሰበብ አልተገኘም።

የአዛዦቹ ጠብ

በብዛት የተጻፈለት ማብራሪያ ይህ ነው። ሠራዊቱ የሦስት ዓለም ሰዎች ስብስብ ነበር፦ ትእዛዝ የሚሰጡት ቱርክኛ ተናጋሪ የቱርክና የሰርካሲያ መኳንንት፣ ጠመንጃ የሚሸከሙት አረብኛ ተናጋሪ የግብፅ ገበሬዎች፣ የሚያማክሩት አሜሪካውያንና አውሮፓውያን። ራቲብ ሎሪንግን አያምነውም፣ ሎሪንግም ራቲብን ፈሪ ይለዋል። ዑስማን ሪፍቂ ከምሽጉ ሳይወጣ የቀረው በፍርሃት ነው ወይስ ትእዛዝ ስላልደረሰው የሚለው ዛሬም ያከራክራል።

ጆን ደን ስለ ከዲቭ እስማኤል ጦር በጻፉት መጽሐፍ ይህን የአመራር ድክመት በሰፊው ይዘረዝራሉ፣ ክርክራቸውም ጠንካራ ነው። ለጠቡ ጥልቀት ሌላው ምስክር የኋላው ታሪክ ነው። በዚህ ዘመቻ በመጓጓዣ ክፍል ያገለገለው አሕመድ ዑራቢ በቱርኮቹ አዛዦች ላይ ያደረበትን ቁጣ ከዚህ ይዞ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1881 ግብፃውያን መኮንኖች ያመጹበት የጦር ሚኒስትር ያው የቃያ ኮሩ ዑስማን ሪፍቂ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ የምንጮቹ ነገር ነው። የጉራዕን ዝርዝር የምናውቀው በአብዛኛው ከሎሪንግና ከአሜሪካዊው ባልደረባው ከዊልያም ዳይ መጻሕፍት ነው። ዳይ እ.ኤ.አ. በ1880፣ ሎሪንግ በ1884 አሳተሙ። ሁለቱም ተሸናፊዎች ነበሩ፣ ሁለቱም ስማቸውን ለማጽዳት ምክንያት ነበራቸው። ካይሮ ውስጥ ጥፋቱ ጦሩን ከምሽግ ባስወጣው በሎሪንግ ላይ ሲወርድ አሜሪካውያኑ ወደ ራቲብ መለሱት። እንዲህ ሲሆን ጦርነቱ በአንድ ሠፈር ውስጥ የተካሄደ የቤተሰብ ጠብ ይመስላል። ኢትዮጵያውያኑ የሚታዩት ከኮረብታ ላይ እንደሚወርድ ጎርፍ ሆነው ነው፤ ሐሳብ ያለው፣ የሚወስን፣ የሚዘገይ ወይም የሚቸኩል አዛዥ ያላቸው ሆነው አይታዩም። ከግብፅ ጦር ተማርኮ የነበረው የመሐመድ ሪፍአት የአረብኛ ማስታወሻ ከዚህ የተለየ ዓይን ይሰጣል፤ ጸሐፊው የንጉሡን ሠፈር ከውስጥ ያየ ሰው ነውና።

ብዛትና ጠመንጃ

የኢትዮጵያ ጦር ጉራዕ ላይ ከ50 ሺህ እስከ 200 ሺህ ነበር ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ የሰፋ ግምት ግምት ከመባል አያልፍም። ትልቁ ቁጥር ለተሸናፊው ማጽናኛ፣ ለአሸናፊውም ክብር ስለሚሆን ሁለቱም ወገን ለመቀነስ ምክንያት አልነበረውም። ከተዋጊው ጋር የሚጓዙት ስንቅ ሠሪዎች፣ ጋሻ ጃግሬዎችና የከብት ነጂዎች በቁጥሩ ውስጥ መግባታቸውም አያጠራጥርም።

ትጥቅን በተመለከተ ዐፄ ዮሐንስ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ሲመለስ ለውለታቸው መድፎችና ከ700 በላይ ጠመንጃ ትቶላቸው ነበር፤ በዚያም ትጥቅ የዘውድ ተቀናቃኛቸውን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ዓሣም ላይ ድል አድርገዋል። ከዚያ በኋላ ጉንደት ላይ የተማረከው ሬሚንግተን ጉራዕ ላይ በግብፆች ላይ ተመልሶ ተተኮሰ። እንግዲህ የመጀመሪያው ዘመቻ ለሁለተኛው ጠላት መሣሪያ አቅራቢ ሆኗል ማለት ነው። ይሁንና በምሽጉ ላይ የተደረገው ጥቃት መክሸፉ የዚህን ማብራሪያ ወሰን ያሳያል። በግልጽ ሜዳ ብዛትና እንቅስቃሴ ፍርዱን ሰጡ፤ ከግንብ ኋላ ያለ የክሩፕ መድፍ ፊት ግን ሁለቱም አልበቁም።

መኳንንቱ

ስቬን ሩበንሰን ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት መጠበቅ በጻፉት ትልቅ ጥናት አገሪቱን ያዳናት የተራራው አስቸጋሪነት ነው የሚለውን አስተሳሰብ ይሞግታሉ፣ ትኩረቱንም ወደ ገዥዎቹ ፖለቲካዊ ንቃት ያዞራሉ። ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ በዐፄ ዮሐንስ የሕይወት ታሪክ፣ ተክለ ጻድቅ መኩሪያም «ዐፄ ዮሐንስና የኢትዮጵያ አንድነት» በተባለው መጽሐፋቸው ንጉሡን በታሪኩ መሃል ያቆማሉ። በእኔ እምነት ዘመቻውን ያከሸፈው ዋና ነገር እዚህ ነው ያለው።

የካይሮ ስሌት በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነበር፦ የኢትዮጵያ መኳንንት እርስ በርሳቸው የተቀናቀኑ ስለሆኑ የውጭ ጦር ሲመጣ ይከፋፈላሉ። ግምቱ መሠረት የለሽ አልነበረም። የሸዋው ምኒልክ ከከዲቩ ጋር ይጻጻፉ ነበር። በሐማሴን የሐዘጋና የጸዓዘጋ ቤቶች ለዘመናት የተፎካከሩ ናቸው፤ የሐዘጋው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ሰሎሞንም ከጉንደት በኋላ በእርግጥ ወደ ግብፆች ዞሩ፣ ጉራዕ ላይም ከእነርሱ ወገን ነበሩ። እስማኤል ያሰበው ክህደት በከፊል ተፈጽሟል።

ያልተፈጸመው የክህደቱ መዛመት ነው። ምኒልክ ጣታቸውን አላነሡም፤ ለንጉሠ ነገሥቱም አልዘመቱም፣ ከኋላም አልወጓቸውም። ዐፄ ዮሐንስ ክተቱን ያወጁት የሃይማኖት ጦርነት አድርገው ነው። አዋጁ ከአንድ አውራጃ ገዥ ፉክክር በላይ የሆነ ምክንያት ሰጠ፣ ካህናቱንም ቀሰቀሰ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የግብፅን ጦር ከመሩት መካከል አረንድሩፕ፣ አራኪልና ሎሪንግ ክርስቲያኖች ነበሩ፣ ዓላማውም ግዛትና ክብር ነበር። ጦርነቱን የሁለት ሃይማኖቶች ግጭት ማለት የአዋጁን ኃይል ያስረዳል፤ የወረራውን ምክንያት ግን አያስረዳም።

ከአዋጁ በላይ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ባለርስት ሠራዊት አንድ ጊዜ ድል ካደረገ ምርኮውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የዘመኑ ደንብ ይኸው ነው። ዐፄ ዮሐንስ ከጉንደት በኋላ የተበተነውን ጦር አራት ወር ሳይሞላ እንደገና፣ ከፊተኛው አብዝተው፣ ጉራዕ ላይ አሰለፉት። የግብፅ አዛዦች ያልገመቱት ይህን ነው። ጥናቶቹም ይህን በሚገባ አላብራሩትም፤ ስንቁ ከየት መጣ፣ የትኛው አውራጃ ስንት ሰው አወጣ፣ እምቢ ያለው ማን ነበር? በሻለቃነት የተዋጉት አሉላ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ራስ ተብለው የመረብ ምላሽ ገዥ መሆናቸው ንጉሡ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ይልቅ በራሳቸው ባሳደጉት ሰው መተማመን እንደ ጀመሩ ያሳያል። ሐጋይ ኤርሊክ በአሉላ ታሪካቸው ይህን ለውጥ በደንብ አሳይተዋል።

ከሽፏል ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከውጊያው በኋላ ብላታ ገብረ እግዚአብሔር የንጉሡን ደብዳቤ ይዘው ካይሮ ቢሄዱ ተይዘው ቆዩ። ካሳ አልተከፈለም። ከረን በግብፅ እጅ ቀረች፣ ምጽዋም እንዲሁ። በግብፅ አገልግሎት የነበረው እንግሊዛዊው ጎርደን ከንጉሡ ጋር ለመደራደር ቢመጣም ውል አልተቋጨም። ቦጎስን መመለስ በወረቀት የሰፈረው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በተፈረመውና በእንግሊዛዊው አድሚራል ሂዌት ስም በሚጠራው ውል ነው። ያም የሆነው የማሕዲው አመፅ ሱዳንን ስላናወጠ እንጂ በጉራዕ ድል ቀጥተኛ ውጤት አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ወር መጨረሻ ደግሞ ጣልያኖች ምጽዋ ገቡ።

ስለዚህ አንዱ ወገን ወረራው ደጋውን ለመያዝ ባለመቻሉ ፈጽሞ ከሽፏል ሲል፣ ሌላው ግብፅ በጦር ሜዳ ተሸንፋ በድንበር ጥያቄ ግን ለጊዜው ጸንታለች ይላል። ሁለቱም የሚለኩት በተለያየ መስፈሪያ ነው። ለእስማኤል ለራሱ ግን ጥርጥር አልነበረም፤ ከጉራዕ ሁለት ወር በኋላ የአውሮፓ አበዳሪዎች በግብፅ ገንዘብ ላይ ተቆጣጣሪ አቆሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1879ም ከሥልጣኑ ወረደ። ዘመቻው የዕዳው ምክንያት አልነበረም። የግብፅ ሠራዊት የከዲቩን ክብር መሸከም እንደማይችል ግን ለአበዳሪም ለገዛ መኮንኖቹም አሳየ። ለዐፄ ዮሐንስም ድሉ ወደ ደቡብ መንገድ ከፈተ፤ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ምኒልክ ልቼ ላይ ገበሩላቸው።

ያልተጻፈው

ከቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደኝ የአካለ ጉዛይ፣ የሰራዬና የሐማሴን ገበሬ ጉዳይ ነው። ሁለት የግብፅ ጦርና ሁለት የንጉሠ ነገሥቱ ክተት በአንድ በጋ በእርሻው ላይ አልፈዋል፣ ሁሉም እህሉን በልተዋል፣ ከብቱን ነድተዋል። ግብፆች ወደ ጉንደት ሲወርዱ መንገድ ያሳያቸው ማን ነበር? ለዐፄ ዮሐንስ ስለ ጦሩ መከፋፈል የነገራቸውስ? አሜሪካውያኑ የአገሬው ሰው ሁሉ ሰላይ ነው እያሉ ያማርራሉ፣ የንጉሡ ዜና መዋዕል ደግሞ ሕዝቡ በአንድ ልብ ለንጉሡ ተነሣ ይላል። ሁለቱም ገበሬውን ያዩት ከራሳቸው ጉዳይ አንጻር ነው። ከድሉ በኋላ ወልደ ሚካኤል ሐማሴንን ለዓመታት ሲወጉ፣ አሉላም ሊያስገብሯቸው ሲዘምቱ፣ ብዙ መንደር ባዶውን ቀርቷል። የጉራዕ ሜዳ ዙሪያ መንደሮች የቃል ትውፊት፣ የገዳማቱ የርስት መዝገቦችና የካይሮ የጦር ሰነዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እስኪነበቡ ድረስ፣ ንጉሡ ሁለተኛውን ጦር በምን እንዳበሉትና በማን ጎተራ እንደ ተሸከሙት የሚታወቀው ከሚገመተው እጅግ ያንሳል።